ደረቁ ያልነው ወንዝ

ከኮረብታው ወርዳችሁ አሸዋው ላይ መሽጉ የሚል ትእዛዝ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው። ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነበር። ኮረብታውን ከባድ መሣሪያ እያረሰው ስለነበር ደስ ብሎን ወረድን።

አሸዋው ወንዝ ነው ተባልን። ካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ብዙዎቻችን የመቱ፣ የቡሬና የያዮ ልጆች ነን፤ ለእኛ ወንዝ ማለት ገና ሳይታይ ድምፁ የሚሰማ ነው። የያዮው ገለታ አሸዋውን በጫማው ጫር አድርጎ «ደረቁ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙም በጋንታው ጸደቀ።

በማግስቱ አህያ የሚነዱ አንድ የአገሬው ሽማግሌ አጠገባችን ቆሙ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ጓድ አስተረጎመልን። የወንዙን ስም ነገሩን፤ እዚያ ውስጥ እንዳናድርም ለመኑን። «እኛን የዝናብ አገር ልጆችን ስለ ውሃ? ለቀባሪው አረዱት» አለ ገለታ። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ነው የሳቅሁት።

ውጊያው ንጋት ላይ ተከፈተ። ሁለት ጓዶች ወደቁ። ቦታችንን አልለቀቅንም። ከሰዓት በኋላ ተኩሱ በረደ። ሩቅ ደጋው ላይ ደመና ጠቁሯል፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። አሥር ሰዓት ገደማ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ታንክ ነው፤ ቦታ ያዙ» አለ የጋንታ መሪው። ምሽጋችን ውስጥ ተኝተን አፈሙዛችንን ወደ ጠላት አዞርን። ውሃው የመጣው ከኋላችን ነው። እኔ ዳር ስለነበርኩ የግራር ሥር ይዤ ወጣሁ። ገለታ መሐል ነበር።

ጦርነቱ አልቆ መቱ ስገባ የገለታ አባት ከያዮ ድረስ መጡ። ልጃቸው በጥይት ሞተ ተብለው ነበር፤ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እናቱ ስታለቅስ የምትጠራው ቦታ አጣች፤ የወንዙን ስም ንገረኝ፣ ልጄ» አሉ።

ደረቁ እንለው እንደነበር ነገርኳቸው።

«እሱ የእናንተ ነው። ባላገሩስ ምን ይለዋል?»

አፈርኩ። ሽማግሌው ስሙን ደጋግመው ነግረውን ነበር፤ እየሳቅን ስለነበር አንዳችንም ልብ አላልነውም፤ ያስተረጎመልን ጓድም ከውሃው አልወጣም። ይህንኑ አልሸሸግኋቸውም። ዱላቸውን አንስተው፣ ደህና ሁን ብለው ወጡ።

ያን ዕለት ጥይት ሁለት ሰው ወሰደብን፤ ውሃው ስድስት። ልጆች ስለ ጀግንነት ሲጠይቁኝ ይህንኑ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። የገለታ እናት ለቅሶ ቤት በተገናኘን ቁጥር «ስም በሌለው አገር የቀረኸው ልጄ» እያሉ ያለቅሳሉ፤ እኔም ከወንዶቹ መሐል አንገቴን ደፍቼ እሰማቸዋለሁ።