አገር ለማየት የወጣንባቸው በዓላት

ሰው ሥራ ፈትቶ አገር ለማየት ብቻ ዳገት ይወጣል የሚባል ነገር በእኛ ዘመን አልነበረም። ዳገት የሚወጣው ውሃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ጠላት ለመሸሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ነው። እኔና ባለቤቴ ግን በአንድ የጽጌ ወቅት፣ እንጦጦ ገና የድንኳንና የሣር ጎጆ ከተማ ሳለች፣ በዓል በመጣ ቁጥር እየተነሣን አገር ለማየት ሄደናል። ካየነው ብዙውን ረስቼዋለሁ። የሄድንበት ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ አዲስ ያናድደኛል።

ባለቤቴን በፊቱ እርስዎ እያልኩት ነው የኖርነው። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ከሞተ ወዲህ ይበልጥ ተቀራርበናል።

የተጋባነው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እኔን ከአንኮበር አመጡኝ። እሱ የአንድ ሹም ጠመንጃ ያዥ ነበርና ሰርጉ እንዳለቀ ጌታው ላከው፤ ክረምቱን ሌላ አገር ከረመ። እኔ ከአማቴ ጋር በአንድ ጎጆ ውስጥ የእንጦጦን ጉምና ብርድ ስጠጣ ከረምኩ። አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ነገር ግን ቤቱ አንድ ነው፣ ምሰሶውም አንድ ነው፣ እሳቸውም ምሰሶውን ተደግፈው የሚውሉ ሴት ነበሩ። ባለቤቴ ለመስቀል ሲመለስ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ውሃ ሲጠማው ለእናቱ «ውሃ ታምጣልኝ» ይላል። እናቱ «ውሃ አምጪለት» ይሉኛል። እኔ ቀድሞውንም ውሃውን ይዤ ከሁለቱም ፊት ቆሜአለሁ። ትዳራችን ይህን ይመስል ነበር።

ወንዞች እስኪጎድሉ ዘመቻ የለም ተባለና ጌታው ዕረፍት ሰጠው። እሱ ደግሞ ዕረፍት የማያውቅበት ሰው ነው። ጠመንጃውን ወለወለ፣ አጥሩን ጠገነ፣ ያልተበላሸውንም በር አፍርሶ ሠራ። ከዚያ አንድ ማታ፣ በማግስቱ የማርያም በዓል ስለሆነ መፍጨትም መፍተልም የለምና፣ እናቱን «ነገ አገሩን ላሳያት» አላቸው።

አማቴ ቀና ብለው አዩት። «አገሩ የት ይሄድባታል?» አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ «ማርያምን ለመሳም ከሆነ ሂዱ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለመሄድ የፈለግንበትን ሁሉ በአንድ ታቦት ስም ማድረግ ሆነ። ጸሎቱን አላስቀረንም፤ ተሳልመን ስናበቃ ግን እግራችን ወደ ቤት አያቀናም። በበዓል ዋዜማ ማታ ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ በእንጨት ጫፍ አመድ ላይ መንገድ ይሥላል። በዚህ በኩል ጫፍ ጫፉን ወደ ምዕራብ ቢሄዱ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፤ ማለዳ ከደረሱ የፍል ውሃው እንፋሎት ሲነሣ ያያሉ፣ ማዶም የወጨጫና የፉሪ ተራሮች አሉ። በዚያ በኩል ጀርባውን ወደ ሱሉልታ ቢወርዱ ሣሩ ከብት ይውጣል። ወደ ቀበና ቁልቁል የሚያወርድም አለ። ወደ ምሥራቅ ደግሞ የየካ ጫካ።

እኔ የምመርጠው በሚታየው ነበር። ዝቋላ ይታያል ካለኝ እሱን እላለሁ። እሱ ግን ሁልጊዜ ስለ ዳገቱ ነው የሚያወራው። «ይሄኛው መመለሻው ይከብዳል» ይልና በትሩን አመዱ ላይ ሲያመላልስ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ የሚመርጠው ያንኑ የከበደውን ነው። ወንድ ልጅ ጉልበቱን ለሙሽራው ሊያሳይ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ስለ እኔ ጉልበት አሁን ልናገር። የአንኮበርን ዳገት እንስራ ሙሉ ውሃ በጀርባዬ አዝዬ ስወጣ ነው ያደግሁት፤ ከእኩዮቼ ጋር እሽቅድድም ገጥመን ውሃው ሳይፈስ ቀድሜ እደርስ ነበር። እናቴ ግን ለሰርጌ ስታሰናዳኝ «ሙሽራ ዳገት ላይ እንደ ፍየል አትዘልም» ብላ አስጠንቅቃኛለች። «ያላሳደጓት ትባያለሽ። ደከመሽ ወይ ሲልሽ ደክሞኛል በይ። ሙሽራ ስትደክም ያምርባታል።» በእኛ አገር ሙሽራ ጥቂት ትበላለች፣ በቀስታ ትናገራለች፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች። ይህን ሴት ሁሉ ያውቀዋል። ለወንድ ግን ማን ነግሮት ያውቃል?

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከማርያም ብዙም ሳንርቅ፣ «ደከመሽ ወይ?» አለኝ። እንደ ምክሩ «ደክሞኛል» አልኩ። ኩታውን ሣሩ ላይ አነጠፈልኝና ተቀመጥን፤ ጎን ለጎን፣ መካከላችን ምሰሶም አማትም ሳይኖር። ዝቋላን በጣቱ አሳየኝና ተራራው ጫፍ ላይ ሐይቅ አለ ብሎ ነገረኝ። ስለ መብረቅም አወራኝ፤ ጥይት የማይፈራው እሱ ሰማይ ሲያጉረመርም ብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚገባ ነገረኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ የፊት ጥርሱ ፍንጭት መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ካገባሁት ሦስት ወር ያለፈው ሰው ነው እንግዲህ።

ከዚያ ወዲያ ድካሜ በዛ። ዳገቱ ሲጀምር ይደክመኛል፣ ሲያልቅም ይደክመኛል፣ ሜዳ ላይም አንዳንዴ ይደክመኛል። እሱ ምንም ሳይል ኩታውን ያነጥፋል።

አንድ ጊዜ ወደ ቀበና ወርደን አንዲት የገበሬ ሚስት ቤት ደጃፍ ላይ ውሃ ጠየቅን። ልጇን በኦሮምኛ ጠርታ ወደ ቤት አስገባችና ለእኛ በአማርኛ «ምን ልትወስዱ መጣችሁ?» አለች። ዓይኗ ጠመንጃው ላይ ነበር። ባለቤቴ ጠመንጃውን ራቅ አድርጎ ከዛፍ ጋር አስደገፈውና «ምንም። አገር ልናይ ነው» አላት። አሬራ በቅል ቀድታ ሰጠችን። ጠጥተን ስናበቃ ቅሉን እየተቀበለች «አገር ሊያይ የመጣ ሁሉ እኮ እዚሁ ይቀራል» አለች። እኔ ያን ጊዜ ቀልድ መሰለኝ። ብዙ ሳይቆይ ከተማው እንዳለ ከተራራው ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ እርሻው የአጥርና የጎጆ ቦታ ሲሆን አየሁ። ሴትዮዋ ወዴት እንደሄደች አላውቅም።

ኅዳር ሲጠባ ነጋሪት ተጎሰመ። የዘመቻ ነገር በእኛ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባል ሲዘምት ሚስትም ስንቅ ተሸክማ ትከተላለች፤ ስትጋግር፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ድንኳን ስትጠብቅ ትከርማለች። እኔም እንደማንኛዋም ሚስት እሄዳለሁ ብዬ ገብስ ቆላሁ፣ በሶ ፈጨሁ፣ ሁለት ስልቻ አወጣሁ። አማቴ ምሰሶውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ሁለተኛው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእኔ ነዋ» አልኩ።

«አንቺ ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ። ወንድሙም ይዘምታል፤ የእሱ ሚስት ትጋግርለታለች» አሉ። ድምፃቸው ክፋት አልነበረውም። «በየበዓሉ እያወጣ ሞከረሽ እኮ። እግርሽ አያደርስም አለኝ። ጦር ላይ የደከመችን ሴት ማንም ቆሞ አይጠብቃትም፤ ጅብ ነው የሚጠብቃት። ለአንቺው ብሎ ነው።»

በሶው ከእጄ ላይ ፈሰሰ። ለካ ወጨጫን ሲያሳየኝ የሚያየው እግሬን ኖሯል! በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሷን ገልጦ የሚያየው ባለቤቷን አስፈቅዶ ነው። ከንዴቱ ቀጥሎ ግን ፍርሃት መጣ። የሄደ ሁሉ አይመለስም። ቢመለስም መቼ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ከዚያ ምሰሶ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አብሬው የተቀመጥኩትን ሰው እየጠበቅሁ ላረጅ ነው።

ይውሰዱኝ ብዬ መናገር አልቻልኩም። ሙሽራ ባሏን ይዘኸኝ ሂድ ካለች ዓይን አውጣ ናት። ስለዚህ መንገድ መረጥኩ። ማታ ምድጃው አጠገብ ሄድኩና፣ እሱ ሲሥል የኖረበትን አመድ በእጄ ጠረግሁት። «የኅዳር ሚካኤልን ዕለት የካ ሄጄ ልሳለም ተስያለሁ» አልኩ። ስለት ነው ከተባለ የሚከለክል የለም፤ አማቴም አማተቡ። ውሸት እንዳይሆንብኝ በልቤ እውነትም ተሳልኩ፤ ይዞኝ ከሄደ ለሚካኤል ጧፍ አገባለሁ አልኩ።

ሲነጋጋ ወጣን። መንገዱ በተራራው ጫፍ ላይ ወደ ምሥራቅ ይሄድና በጽድና በወይራ መካከል ቁልቁል የካ ያወርዳል። እስከዚያ ድረስ እንደ ልማዴ ከኋላው በቀስታ ሄድኩ። ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራው አሮጌ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጋ ደርሰን ተሳለምን፤ ጸበል ጠጣን፤ ከአገልግሉ ቀማመስን። ለመመለስ ሲነሣ አገልግሉንም የውሃውንም ቅል ከእጁ ላይ ወሰድኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ መቀነቴን አጠበቅሁ። ወደ ጫፉ ከሚመልሱት ሁለት መንገዶች ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ያዝኩ፤ እሱን ቀድሜ።

«ቀስ በይ» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ዞርም አላልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ኧረ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» አለ። ቆይቶ ደግሞ ምንም አላለም፤ ትንፋሹን ብቻ ነበር የምሰማው። እናቴ ብታየኝ ኖሮ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍን ነበር። እኔ ግን ከአንኮበር ከወጣሁ ወዲህ ሰውነቴ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎት አያውቅም።

ጫፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። የኮተቤ ሜዳ ከታች ተዘርግቶ፣ ማዶ የረር ተራራ ብቻውን ቁጭ ብሏል። እሱ ጠመንጃውን እንደያዘ እያለከለከ ደረሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን የተቀማ ሰው ፊት ነበር።

«ለካ እግር አለሽ» አለ።

«አንኮበር አይደል ያደግሁት?» አልኩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ፊቱን ወደ የረር አዞረ። «ከእኔ ጋር ላለመዝመት ነዋ ሲደክምሽ የኖረው» አለ። «ብትነግሪኝ እኮ አላስገድድሽም ነበር። ሴት ልጅን በግድ ከቤቷ አልጎትትም።»

ይህ ውል ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴን ሳሳየው፣ እስከ ዛሬ እንዳታለልኩት ነው ያሳየሁት። እናቴ ያስተማረችኝ ጨዋነት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ እንባዬም መጣ።

«ከእርስዎ ጋር ለመቀመጥ ነው የሚደክመኝ» አልኩ። «ቤት ውስጥ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን? ካልደከመኝ አይቀመጡም። ከተቀመጡ ደግሞ ይስቃሉ። እኔ ዳገቱ መቼ አስቸገረኝ?»

ፀሐዩ ዘምበል ብሏል፣ መንገዱ ገና ሩቅ ነው፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ አውሬ አለ፤ ተነሺ እንሂድ ይለኛል ብዬ ነበር። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስተኛው።

«ለመሞከርማ» አለ፣ አሁንም እኔን ሳያይ፣ «የመጀመሪያው ቀን ይበቃኝ ነበር። ያን ቀን አትችልም ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ለምን በየበዓሉ ዳገት ዳገቱን እየመረጥኩ የማወጣሽ መሰለሽ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የረርን አላየሁትም፤ እዚያ እንደነበረ ብቻ ነው የማውቀው።

ቤት ስንደርስ ጀምበሯ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። አማቴ በር ላይ ቆመው ነበር። እሱ ገና ሳይቀመጥ «እማዬ፣ ስንቁ ለሁለት ሰው ይሁን» አላቸው።

አማቴ አቧራ የለበሰውን እግሬን ቁልቁል አዩት። «እግሯስ?» አሉ።

«እግሯ ከእኔ ይሻላል።»

ምሰሶው ጋ ሄደው ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ሁለታችንንም አላዩንም፤ ምድጃውን እያዩ፣ በዚያ ክረምት ሙሉ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ «እኔስ ታዲያ ከማን ጋር ልቀር ነው?» አሉ።

ጓዳ ገብቼ ቆምኩ፤ ደስታዬ አፌ ላይ ደረቀ። በማግስቱ ማልጄ ስነሣ እሳቸው ቀድመውኝ ተነሥተዋል፤ ሁለተኛውን ስልቻ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ የተቀደደውን አፉን በወፍራም ክር እየሰፉልኝ ነበር።