የምግብ ክፍሌን ያሳመርኩ ዕለት

ሰበታ አስተማሪ ሳለሁ ኦቦ ቱሉ ልጃቸውን ለእኔ ለመዳር ከመወሰናቸው በፊት ቤቴን ሊያዩ ለምሳ እንደሚመጡ ላኩብኝ። የምግብ ክፍሌ ግድግዳ ጭቃው ይረግፍ ነበር። ለቀለም አቅም ስላልነበረኝ አራቱንም ግድግዳ አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩበት። እንዲያምርም የጃንሆይ ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ ብቻ መረጥኩ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ገብተው እጅ ነሱ። ወንበር ስስብላቸው ግን አልተቀመጡም።

«ለጃንሆይ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብላ?»

«በዚያ በኩል ይዙሩ፣ አባባ።»

«እዚያም አሉ እኮ! አንተ የተማርክ አይደለህም እንዴ?»

እንዳያዩብኝ በዘጋሁት፣ ጥላሸት በጠገበው ማድ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠን ምሳውን በላን። እጃቸውን ታጥበው ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «ልጄን እሰጥሃለሁ» አሉ፤ «ይህን ክፍል እንደማታሳምር ግን ማልልኝ።»