ከፊትም ከኋላም የተቆለፈ ግጥም

«አንቺ የሒሳብ መምህርት ነሽ ወይስ አዝማሪ?»

ይህን ያላት የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ነው። ተማሪዎቿ የሎጋሪዝምን ሕግ ግጥም አድርገውት፣ ዴስክ እየደበደቡ ሲያወርዱት ከበረንዳው ሆኖ ሰምቶ ገባ። ስምረት ወልደማርያም ጠመኔዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ሁለቱንም ነኝ። ደሞዝ የምትከፍሉኝ ግን ለአንዱ ብቻ ነው!» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሰውዬውን ብቻውን አልወቅሰውም። የምወቅሰው አጥሩን ያጠረውን ነው። ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ «ሳይንስ ነህ ወይስ ሶሻል?» ብለን እንደ ከብት በሁለት በረት እናጉረዋለን። እዚህኛው በረት ውስጥ ግጥም የወደደ ሰነፍ ነው። እዚያኛው ውስጥ ቁጥር የወደደ ደረቅ ነው። ማን ነው የፈረደው? ስድስትና ስድስት ቀለም ሳይመጥን ወል ቤት የገጠመ ካለ እስቲ አምጡልኝ! «እኔ አልቆጥርም» ይላል ገጣሚው። ጆሮህ ይቆጥርልሃላ! የስምረትን ነገር የምጽፈው ለዚህ ነው። ደግሞ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ዳር ቆሜ ያየሁትን ነገር ዋጥ አድርጌ መቀመጥ አልችልም።

ስምረት የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ከዚራ ሰፈር፣ ከምድር ባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ተወለደች። የአባቷ የአቶ ወልደማርያም ሥራ ማዳመጥ ነበር። ባቡር ሲገባ እጀታው የረዘመ መዶሻ ይዞ ከመንኮራኩር ወደ መንኮራኩር እየሄደ ይመታል። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ እዚያው ይሞታል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል። ልጅቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ «በይ፣ የቱ ነው የታመመው?» ይላታል። ዓይኗን ጨፍና ትጠቁማለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ድምፅ ሞገድ ሲነገራት፣ «ይሄማ የአባባ መዶሻ ነው!» ብላ ከወንበሯ ተነስታለች፤ የክፍል ጓደኞቿ ዛሬም ያወሩታል። ባል አግብታ ፈትታለች። ምክንያቱን ስትጠየቅ «ማዳመጥ አይችልም ነበር» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

አሁን ወደ ደቻቱ ወንዝ እንውረድ። የማያውቀው ሰው ሲያየው ሰፊ የአሸዋ መንገድ ይመስለዋል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ስለሆነ ነጋዴው ልባሽ ጨርቁንና ሐብሐቡን ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? እዚህ ድሬ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ዝናቡ እዚያ ላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ጎርፉ ሳይታሰብ ከች! በዘጠና ስምንቱ ክረምት ያደረሰውን ድሬ አልረሳችም።

አምና ክረምት፣ ደንገጎ የሚኖረው የስምረት አብሮ አደግ ሽመክት ደወለላት። «እዚህ ሰማዩ ተቀዷል፤ ሰዎቹን አስወጪ!» አላት። እሷም ሮጣ ወርዳ አሸዋው ላይ መጀመሪያ ላገኘቻቸው ነጋዴዎች፣ «ጎርፍ እየመጣ ነው! በቅርብ በኩል ውጡ! ወደ ማዶ አትሻገሩ! ወደ ታች አስተላልፉ!» አለች።

«ስልክ የለም ወይ?» ይለኛል አንዱ ብልጥ። አለ! ግን ገበያ መሐል፣ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው ስልክ የሚያነሳ ነጋዴ አሳየኝ። የጎረቤቱን አፍ ነው የሚሰማው። መልእክቱም ከአፍ ወደ አፍ ወረደ። የመጀመሪያው ሙሉውን ተናገረ። ሁለተኛው ቸኮለና አሳጠረ። ሌላው ከዚያም አሳጠረ። ታች ሲደርስ የቀረው «ጎርፍ! ሩጡ!» ብቻ ነው። የደነገጠ ሰው ወዴት ይሮጣል? ወደ ቤቱ ነዋ! ቤቱ ማዶ የሆነ ሁሉ በአሸዋው መሐል፣ በጎርፉ አፍ ሮጠ።

ዐስሊ ከሯጮቹ አንዷ ነበረች። ዐስሊ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አፏ ምላጭ የሆነ የሶማሌ ሴት ናት። ለስምረት መጋረጃ ስትሸጥ ተጨቃጭቀው፣ በጭቅጭቁ የተዋደዱ ናቸው። ጎርፉ እስከ ወገቧ ያዛት። የሰፈር ወጣቶች ገመድ ወርውረው ጎተቷት። ዳነች። ስምረት ግን ዕረፍት አጣች። «ሙሉውን ነግሬያለሁ እኮ! መንገድ ላይ ተሰበረ! ክረምቱ ደግሞ ይመለሳል፤ ዐስሊም እዚያው አሸዋ ላይ ናት» ትላለች።

እኔ፣ ገጣሚ ጓደኛዋ፣ ብሆን መንግሥትን ሰድቤ እተኛ ነበር። እሷ ማንበብ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጥታ በሩን ልትገነጥለው ደረሰች።

«ከጠፈር ምስል ሲልኩ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ?»

«ገና ፊቴን አልታጠብኩም።»

«ተወው ፊትህን! መልእክቱ ላይ ትርፍ ቁጥር ይጨምራሉ። ቁጥሩ ከሌላው ጋር የሚስማማው በሒሳብ ሕግ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢጎድል ወይ ቢለወጥ ሕጉ ይፈርሳል፤ ተቀባዩ ‹ይሄ ተሰንጥቋል› ይላል። ገባህ? የአባባ መዶሻ! እና ይሄ ሕግ እኛ ጋ ድሮም አለ! ስንኝ ሲጎድል ጆሮህ አይነግርህም? ቤት ሳይመታ ሲቀር አያሳክክህም?»

«ያሳክከኛል!»

«አየህ! ግጥም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ስህተት መያዣ ነው!»

ፊቴን ሳልታጠብ አቀፍኳት። ስንት ዘመን «ቅኔ ለጥጋብ ነው» ሲሉኝ ኖረው! ስምረት እዚያው ቆማ፣ በጣቷ ጠረጴዛዬን እየመታች አወረደችው፦

ደንገጎ ሲጠቁር፣ ሰማዩ ሲያጓራ፣
አሸዋው ላይ አትቁም፣ ውጣ በቅርብ ጎራ፤
አትሻገር ወዲያ፣ ቤትህ ቢታይህም፣
ጎርፉ ከመጣ ግን፣ እግር አይቀድመውም።

አንዱ ስንኝ ቢወድቅ ጓደኛው ቤት አጥቶ ይቀራል፤ ሰሚው «የጎደለ አለ» ይላል። ሒሳቡ ይህ ነው። በማግሥቱ ሙከራ አደረግን። እኔ በአሸዋው የላይኛው ጫፍ ለጨርቅ ሻጮቹ ነገርኩና «አስተላልፉ» አልኳቸው፤ እሷ ታች ቆማ ጠበቀች፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። መልእክቱን ይዞ የደረሰው ዐብዲናሲር ነው፣ ሐብሐብ ሻጩ።

«ደንገጎ ዘንቧል አሉ። ከአሸዋው መውጣት ነው» አላት።

«ግጥሙስ?»

«የቱ ግጥም?»

«የላክነው!»

«አቦ፣ ነገሩን ነገርኩሽ አይደል! እኔ በኦሮምኛ ነው የሰማሁት፤ የነገረችኝ ሴትዮ ደግሞ ከሶማሌዎቹ ነው የሰማችው። ግጥም ማንም አልሰጠኝም፣ ወላሂ!»

ስምረት አሸዋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ይህን ስህተት ከድሬ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም! እዚህ አገር ወሬ በአማርኛ ተፀንሶ፣ በኦሮምኛ ተወልዶ፣ በሶማሊኛ ክርስትና ይነሳል። ማንም ልተርጉም ብሎ አያስብም፤ ለጎረቤትህ በጎረቤትህ አፍ መንገር የድሬ ጨዋነት ነው። ሲተረጎም ግን ቤት መምቻው እንደ ደረቀ ልስን ይረግፋል። ቁልፉ ከረገፈ መልእክቱ ያው ተራ ወሬ ነው። እሷም፣ እኔም፣ የድሬ ልጆች ሆነን ይሄን ረሳን!

ሳቅ ሰማን። ዐስሊ ናት፤ ከጨርቅ ክምሯ ላይ ሆና እንባዋን ትጠርጋለች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አሁን ይሄ ግጥም ነው? በሩ ክፍት ነው እኮ!»

«የት ነው ክፍቱ? ራ ከራ፣ ም ከም ገጥሟል!»

«እሱማ የጓሮ በር ነው። እናንተ አማሮች ቤት የምትቆልፉት በጓሮ ነው። እኛ በፊት ለፊት ነው። ግጥማችን በ‹በ› ከጀመረ እስኪያልቅ በ‹በ› ነው። ሌላ ፊደል ከገባ ሌባ ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል።»

ስምረት ከአሸዋው ላይ ተፈናጥራ ተነሳች። «ሁለቱንም እንቆልፈዋለን! ፊቱንም ጓሮውንም!»

«በየት ቋንቋ?»

«በድሬ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ስምረት አሸዋው ላይ ተንበርክካ በጣቷ ሦስት ክብ ሣለች፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው፣ የሚደራረቡት የስብስብ ክቦች። «መሐሉ! ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ሊተረጉመው የማይቸኩልበት ቃል እዚህ መሐል ነው ያለው!» ዐስሊ «ውሃ እኛ ጋ ቢዮ ነው» አለች። «እኛ ጋ ቢሻን!» አለ ዐብዲናሲር ሐብሐቡን ጥሎ እየመጣ። ሁለቱም በ‹በ›! ተያየን። «ውጣስ?» «ባኢ!» አለ እሱ። «እኛም ባሕ ነው የምንለው» አለች እሷ። ዐብዲናሲር ጭንቅላቱን ያዘ። «ጎረቤት ነን ስንል እንዲህ አልመሰለኝም!» ከዚያማ አማርኛውን ማን ያቆመዋል! በቃ፣ በቶሎ፣ ቤት፣ በር… አንዱ ሲጥል ሌላው ያነሳል። ስምረት ቀለሙን በጣቷ እየመጠነች፣ የረዘመውን ትቆርጣለች፣ የሰለለውን ትጥላለች። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አጣ። ሲያልቅ እንዲህ ሆነ፦

ቢዮ መጣ በሉ፣ ቢሻን መጣ በሉ፣
ባኢ በቅርብ በኩል፣ በቶሎ ንቀሉ፤
ቤትህ ቢታይህም፣ በወዲያኛው በር፣
በአሸዋው መሐል፣ በጭራሽ አትሻገር።

አንድ የአማርኛ መምህር «አንዱ ለብዙ፣ አንዱ ለነጠላ ሰው ነው፤ ሰዋስው ጎድሎታል» አለ። ጎርፉ ሲመጣ ሰዋስው ይዘህ ዋኝ! ግጥሙን ገበያው ወሰደው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሲመዝኑ ይሉታል፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሴቶች ልጅ ያባብሉበታል። ርዕሰ መምህሩ ብቻ «ሳይንስ በዘፈን አይሆንም» አለ። ይበል!

ዘንድሮ ነሐሴ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ጠራራ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን። ከስምረት ጋር የደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቆመን እያወራን ስልኳ ጮኸ። ሽመክት ነው። «ከአምናው ይብሳል!» ብቻ ብሎ ተቋረጠ። ስምረት ወደ አሸዋው ዞረችና ያን ትልቅ ድምፅዋን ለቀቀችው፦ «ቢዮ መጣ በሉ!»

የቅርቦቹ ቀና አሉ። አንዷ ተቀበለች፣ ሌላው ተቀበለ። ወደ ታች ሲሄድ ሰማነው። እንደ ባቡር ነው፤ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተቀባበለ ይርቃል፣ ምቱ ግን ያው ነው። ስምረት ዓይኗን ጨፈነች፤ በአባቷ ጆሮ ትሰማለች። «ደህና ነው… ደህና ነው…» ትላለች። ሰው ሸራውን እየጠቀለለ ወደየቅርቡ ዳር ይወጣል።

ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ተሰነጠቀ!»

እኔም ሰማሁት። ታች፣ ዐስሊ ካለችበት አካባቢ፣ ምቱ ሞተ። ሁካታ ብቻ ሆነ። የዐስሊ ቤት ማዶ ነው፤ ከጨርቅ ክምሯ ላይ ሆና በሯ ይታያታል። አምና ወደዚያ በር ነበር የሮጠችው። ስምረት ዳር ዳሩን መሮጥ ጀመረች፤ እኔም ከኋላዋ። ከላይ በኩል መሬቱ ማጉረምረም ጀምሯል። ይሄኔ፣ ገና ሳንደርስ፣ ግጥሙ እንደገና ተነሳ! ከመጀመሪያው፣ ሙሉው፣ በብዙ አፍ፣ በቁጣ፦ «ቤትህ ቢታይህም! በወዲያኛው በር! በአሸዋው መሐል! በጭራሽ አትሻገር!»

ጎርፉ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ መጣ። ግንድ ያንከባልላል፣ በርሜል ያንከባልላል። አሸዋው ላይ አንድ የተረሳ ሸራና የተጣለ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ዋጠው።

ዐስሊን ያገኘናት በዚህኛው ዳር፣ ከፍ ብላ ቆማ፣ የዐብዲናሲርን ሸሚዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ነው።

«መምህርት፣ ይሄን ሌባ ስሚው! ‹ዕቃህ ቢታይህም› ብሎ አስተላለፈ! ሰው ሁሉ ‹ዕቃ ምን አመጣው?› ብሎ ቆመ። ‹በ› የታለ? ብዬ ያዝኩት!»

«ሐብሐቤ አሸዋው ማዶ ጥግ ቀርቶ ሐሳቤ እዚያ ነበረ!» አለ ዐብዲናሲር፣ እየተንፈራገጠ። «ደግሞ ሐብሐብ ውስጥ ሁለት ‹በ› አለ!»

«ከፊት ነው የሚቆለፈው፣ አንተ፣ ዋርያ! ከፊት!»

ሐብሐቦቹ አንድ በአንድ ከጎርፉ ላይ ብቅ ጥልቅ እያሉ ሲያልፉ አየናቸው። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዐብዲናሲርም ራሱ ሳቀ። ስምረት ብቻ አልሳቀችም። የዐስሊን እጅ ይዛ ማዶ ታያለች፤ ቤቱ እዚያ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ በመሐል ያ ሁሉ ውሃ።

«ቤትሽ ይታይሻል?» አለቻት።

«ይታየኛል» አለች ዐስሊ። «ይታየኝ!»