ሰምሃርና የቀለበት ቀን ስልክ

ሰምሃር ነጭ ሸማ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሠራችውን ጥልፍ መልሳ ትፈታ ነበር። የመርፌዋን ጫፍ ከክሩ ሥር ታስገባለች፣ ብድግ ታደርጋለች፣ በመቀስ ቀጭ ታደርጋለች። ባለ ቀሚሷ ሙሽራ በፎቶ ያየችው ክር ወርቅማ ነበር፤ ቀሚሱ እጇ ሲገባ ሰናፍጭ ሆነባት። ያታለላት የሰምሃር ስልክ ነው። አሮጌ አንድሮይድ ነው፣ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ካሜራው የክር ቀለም አይለይም።

አዲሱ ስልክ ደግሞ ከጎኗ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አይፎን ነው። እጮኛዋ ማቲዎስ በቀለበታቸው ዕለት የሰጣት ነው። ያን ቀን ሚዜው ካርቶኑን ከፍ አድርጎ፣ ለመሳለም የወጣ መስቀል ይመስል በእንግዳው ፊት ሁሉ አዞረው። ሴቶቹ እልል አሉ። የማቲዎስ እናት ዋጋውን አልናገርም እያሉ ለሦስት ጠረጴዛ ተናገሩ። ሰምሃር ሳቀችላቸው። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ እንደሚያየው፣ የማቲዎስ ዘመዶች ስልኩን ስትቀበል እጇን ሲያዩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማቲዎስ በተገናኙ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይላታል፤ ሲም ካርድሽን አዙሪና ያቺን ጉድ ወርውሪያት። እናቷ ወይዘሮ ምብራትም በዚሁ ይነዘንዟታል። አማቶችሽ የሰጡሽን ንቃ ተወችው ይላሉ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው አታስቀይሚ ይሏታል። ሱቅ ውስጥ አብራት የምትሰፋው ጓደኛዋ ሚስጥር ደግሞ፣ አይፎን ይዘሽ ፒያሳ ታክሲ ስትጋፊ ቢያዩሽ አማትሽ ራሳቸውን ይስታሉ ብላ ትስቅባታለች።

ሰምሃር ግን የምትፈራው ሌላ ነው። ደንበኞቿ ሁሉ አሮጌው ስልክ ውስጥ ናቸው። ትእዛዙ፣ የድምፅ መልእክቱ፣ የማን ቀሚስ ለየትኛው በዓል እንደሆነ፣ ሁሉን ሳታይ እጇ ያገኘዋል። በአዲሱ ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ እንኳ ጣቷ ይጠፋባታል። ስለዚህ ሲም ካርዱን ከአሮጌው ሳታወጣ፣ አዲሱን ለፎቶ ብቻ መሞከር ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ያምራል፤ ወርቁ ወርቅ፣ ሰናፍጩ ሰናፍጭ ሆኖ ይወጣል። ለእንጀራዋ ስትል ሳምንቱ ሳያልቅ ጠቅልላ ልትዞር ልቧን አሳምና ነበር።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ጥሩነሽ ከአምስት ኪሎ መጡ። ለልጃቸው ምርቃት ቀሚስ የሚሆን የራሳቸውን ሸማ ይዘው ነው። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሕመም ምክንያት አንድ ጡታቸው በቀዶ ጥገና መውጣቱን ነገሯት። ቀሚሱ ደረት ላይ እንዳያሳጣቸው ፈሩ። ሰምሃር መጋረጃውን ዘግታ ለካቻቸው። በጎደለው በኩል ከውስጥ ምን ያህል ስፖንጅ እንደምትሰፋ እንዳይጠፋት በአዲሱ ስልክ አንድ ፎቶ ላንሳ ብላ ለመነቻቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ልጄ፣ ከአንቺ ዓይን አይውጣ» አሏት።

«በሞቴ፣ ማንም አያየውም» አለቻቸው።

ቅዳሜ ማቲዎስ አራት ኪሎ ማኪያቶ ጋበዛት። ስለ አዳራሽ አወራ፣ ስለ ሚዜዎቹ ሱፍ አወራ። ከዚያ የከንፈሩን አረፋ በአውራ ጣቱ ጠረገና፣ «ያቺ ባለ አንድ ጡቷ ሴትዮሽ፣ ቀሚሷ አለቀላት?» አላት።

ሰምሃር የሰማችው እውነት አልመስል አላት። የቷ ሴትዮ ብላ ጠየቀች። የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ፣ በዚያው አረፋ በነካው ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና አሳያት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳ እንደዞረ። በደንብ እንድታይለት ብሎ ሁለት ጣቱን ጠባሳው ላይ አኑሮ አሰፋው።

ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሆኖ አስረዳት። እንዳይከብዳት ብሎ ስልኩን የከፈተላት በራሱ አካውንት ነው። ያነሳችው ሁሉ በሱቁ ዋይፋይ እሱም ጋ ይገባል። የት እንደዋለችም ያያል። ደግሞስ ምን አለበት፣ ባልና ሚስት አንድ አካል አይደሉም ወይ አላት።

«ገና ባሌ አይደለህም» አለችው። «ብትሆንም እሳቸው ሚስትህ አይደሉም።»

«አታካብጂ ባክሽ። ከሚዜዬ በቀር ማን አየው?»

እንደ ቀልድ ነው ያላት። ሰምሃር የእሱን ስልክ ከእጁ ነጥቃ ፎቶውን አጠፋችው፤ የተጣለው ከሚጠራቀምበትም ገብታ አጠፋችው። የራሷን አይፎን ማኪያቶው አጠገብ አስቀመጠችና ተነሳች። መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፤ ያ አረፋ እሷ ጣት ላይ ያለ መሰላት። ቀለበቱን ግን እዚያ አላወለቀችም። በሽማግሌ ፊት የገባ በሽማግሌ ፊት ይወጣል ብላ ነው።

ቀለበቱን ልመልስ ነው ስትላቸው፣ ወይዘሮ ምብራት ለአንድ ፎቶ ብለሽ ነው ወይ ብለው መጮህ ጀምረው ነበር። የምን ፎቶ እንደሆነ ስትነግራቸው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ፤ ሽማግሌዎቹንም ራሳቸው ሄደው ጠሩ። ማቲዎስ በሽማግሌዎቹ ፊት ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው እያለ ተከራከረ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ይህን መጠየቅህ ላይ ነው አሉት። ሰምሃርም ቀለበቱን እዚያው አወለቀች።

ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ወደ አምስት ኪሎ መውጣቱ ነው። ብትደብቀው ማንም አያውቅም ነበር። የወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ስንት ሰው አየው?»

«እኔ የማውቀው ሁለት ነው።»

አልተቆጧትም፣ አልሰደቧትም። ሸማዬን መልሺልኝ ብቻ አሏት። ያልተሰፋውን ሸማ አጥፋ ወሰደችላቸው። ለምርቃቱ ምን እንደለበሱ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሰምሃር አሁንም በዚያች በተሰነጠቀች ስልኳ ነው የምትሠራው። ሌላ አልገዛችም። የክር ቀለም የሚጠይቃትን ሱቅ ድረስ ጠርታ በር ላይ በፀሐይ ታሳያለች፤ የሰው ገላ በካሜራ አትለካም።

ሚዜው ግን ያን ፎቶ ወደ ራሱ ስልክ ይላከው አይላከው የሚያውቅ የለም። ሲጠየቅ ይምላል፤ መሐላውም እንደ ሳቁ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሴት ፎቶ አንድ ቀን ከአንዱ ቀልደኛ ቢደርሳችሁ፣ አታስፉት፣ ለማንም አትላኩት። አጥፉልን።