ከአጥሩ እስከ ሮቶው

በዚያ ዓመት ቦሌ አካባቢ እጁን ዘርግቶ በዝግታ የሚራመድ ሰው ካያችሁ ቦታ እየለካ ነው። መንገዱ ተቆፍሮ፣ ፎቁ በየሳምንቱ አንድ ወለል እየጨመረ፣ ደላላ በየደጁ «የሚሸጥ አለ?» እያለ በሚያንኳኳበት ጊዜ ማን በከንቱ ይራመዳል? ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ጉቱ ማለዳ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ እጁን ዘርግቶ ቀስ እያለ ሲሄድ በመስኮት ሳየው ሊሸጠው ነው አልኩ።

ግቢው የሁለታችን ነው። ገርጂ ወረድ ብሎ፣ ከአባታችን እርሻ የተረፈች ቁራጭ ናት። ከፊት እሱ ይኖራል፣ ከጓሮ እኔና ልጄ ሰኚ። ካርታው ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሰብኩበትም፤ በዚያ ዓመት ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ከቤታችን መጀመሪያ ፊደል የቆጠረው ጉቱ ነው። ፊርማው የታወቀች ናት፤ ጅራቷን አስረዝሞ ይጠቀልላታል፣ የእድሩ መዝገብ ላይ ከሩቅ ትለያለች። ሾፌር ነበር። ለቻይናዎቹ የመንገድ ሥራ አራት ዓመት ገልባጭ መኪና ነዳ። አንድ ቀን «ተውኩት፣ ደከመኝ» ብሎ ቤቱ ቁጭ አለ። በሬ የሚያክል ሰው! ቀልቤ አልወደደውም። በሳምንቱ ያ እጅ መዘርጋት መጣ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ስፖርት ነው። ካምፑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቻይና ምግብ አብሳይ ነበር፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። ታይ ቺ ይሉታል።»

«ላብ የሌለው ስፖርት?»

«ቀስ ማለቱ ነው ሥራው።»

ሰኚም «ሪላክስ በይ እማዬ፣ እውነቱን ነው፣ ቲቪ ላይ አይቼዋለሁ» አለችኝ። የእሷን ምስክርነት አልተቀበልኩም። አጎቷ የስልክ ካርድ ይገዛላታል።

መቁጠር ጀመርኩ። ከአጥሩ እስከ ውኃው ሮቶ አሥራ አራት እርምጃ። ሮቶው ጋ ሲደርስ ይዞራል፤ ሁለት እጁን እስከ ደረቱ ያነሳና የማይታይ በር እንደሚከፍት ሰው ወደ ፊት ይገፋል። ከዚያ ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ወደ እኔ ቤት! ደጄ ላይ ቆሞ ትንፋሹን እየለቀቀ መሬቱን ቁልቁል ያያል። ወጥቼ «እንዴት አደርክ?» ስለው ደንገጥ ብሎ እጁን ኪሱ ይከታል።

ቀጥሎ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጣ። ሁለት ጊዜ። ጉቱ በሩን ዘግቶ አነጋገረው። ሰውዬው ሲወጣ «ፊርማው ካለቀ ሌላው ቀላል ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። በዚህ የቤት ኪራይ ልጄን ይዤ የት ልገባ ነው?

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ጠራሁ። «ግቢውን ያለ እህቴ ፈቃድ አልሸጥም» የሚል ወረቀት አጽፌ ጠበቅኩት።

ጉቱ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። «እኔ? እኔ ልሸጥብሽ?»

«ታዲያ በየጠዋቱ ምንድን ነው የምትለካው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ዓለምሰገድ ጣልቃ ገቡ። «ካላሰቡት ይፈርሙላትና ነገሩ ይብረድ፣ አቶ ጉቱ።»

እስክሪብቶውን ያዘ። ጫፉ ገና ወረቀቱን ሳይነካ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። በግራ እጁ ቀኙን አፍኖ ያዘው፤ አልቆመም። ወረቀቱ ላይ የወጣው ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«ከመሪው ያወረደኝ ይኸው ነው» አለ። «ባለ ቦርሳው ሰውዬ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። የጓሮውን ካርታ ለይቼ በስምሽ ላስወጣልሽ ሦስት ጊዜ ክፍለ ከተማ ሄድኩ። ፊርማህ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም አሉኝ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠኝ። ቻይናው ደግሞ ይህ የጠዋቱ ስፖርት ሰውነት ያረጋል ብሎኝ ነበርና እሱንም ያዝኩ። እስኪረጋ ነው የምጠብቀው።»

«በጣትዎ አሻራ ይፈቀድ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

«ይፈቀዳል፤ ነግረውኛል።» ወደ እኔ ዞረ። «አባታችን እርሻውን የሰጠው በአውራ ጣቱ ነው፣ ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ። ቀለሙን በሳሙና ያጠብኩለት እኔ ነኝ። የአንቺን በጣቴ አልሰጥም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ሲጀምር እኔም ወጣሁና ከኋላው እጄን ዘረጋሁ። ዞር ብሎም አላየኝ። ቀስ ብለን ሄድን። ሮቶው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ስንት ሆነ?» አለኝ።

ለካስ ስቆጥር ያውቅ ነበር።

«አሥራ አራት» አልኩት።