ኑርሁሴን፣ የግራ መስመሩ ሰው

ኑርሁሴን ካርቱም የገባው ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። ከኮምቦልቻ ሲነሳ አንድ ቦርሳ ልብስና አንድ ጥንድ ታኬታ ይዞ ነበር። ያረፈው ሀበሻ በሚበዛበት ዴም በሚባል ሰፈር፣ ታላቅ እህቱ ሙኒያ በተከራየቻት ክፍል ነው። ሙኒያ በሰው ቤት እየሠራች የምትኖር ሴት ነበረች፤ ታኬታውን ስታይ ሳቀች።

«እዚህ እኮ ሰው የሚመጣው ሊሠራ ነው» አለችው።

«ይሄም ሥራ ነው፣ እትዬ።»

ብዙም ሳይቆይ ሳጃና ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ አቧራማ ሜዳ ዳር ቆሞ የአንድ ሰፈር ክለብ ልምምድ ሲያይ፣ ኳስ ከመስመር ወጥታ ወደ እሱ መጣች። በደረቱ አብርዶ፣ አንዴ እስክትነጥር ጠብቆ፣ በግራ እግሩ ወደ ጎል አፍ አሻማት። አጥቂው በግንባሩ ገጭቶ መረብ ውስጥ ከተታት። በረኛው «ይሄ ተጫዋች አይደለም! መንገደኛ ነው!» እያለ ጮኸ። አሰልጣኙ፣ ሀሰን የሚባል ወፍራም ሱዳናዊ፣ ሆዱን እያስቀደመ መጣና ኑርሁሴንን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሀበሺ?»

«አዎ። ኑርሁሴን እባላለሁ።»

«ያላ፣ ማልያ ልበስ» አለው፣ ማልያውን በእጁ እያሳየ።

ዐረብኛ ስለማያውቅ የመጀመሪያው ዓመት ጉድ ነበር። ሀሰን ከሜዳ ዳር «ኢርጃዕ! ኢርጃዕ!» ባለ ቁጥር «በርታ» ያለው እየመሰለው ወደፊት ይፈተለካል። ለካ ቃሉ «ተመለስ» ማለት ኖሯል። ከኋላው ያሉት ተከላካዮች መከራቸውን ያያሉ፤ እሱ ግን ወይ ያገባል ወይ አሻምቶ ያስገባል። ሀሰን ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ደጋፊው እየጨፈረ ያገኘዋልና ይተወዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ኑርሁሴን ቋንቋውን ለመደ፤ «ኢርጃዕ» ሲባልም ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ሀሰን ግን «ይህን ልጅ ያበላሸው ዐረብኛ ነው» ማለቱን አልተወም።

ያ ክለብ ሜዳው ለገበያ ተወስዶበት ፈረሰ። ኑርሁሴንም ወደ ወድ መደኒ ሄደ፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ አትባራ። የተጫወተላቸው ሁሉ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ነበሩ፤ ስማቸው ትልቅ፣ የቧንቧቸው ውሃ ግን የማይመጣ። ገዳሪፍ ላይ ቡድኑ ወደ ጨዋታ የሚጓዘው በሎሪ፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። አትባራ ላይ ደግሞ አንዱ ዳኛ ባቡር ነጂ ስለነበር፣ ተረኛ የሆነ ቀን ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ጨዋታውን ያጣድፈዋል። ኑርሁሴን ይህን ሁሉ ይወደው ነበር። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ማልያ፣ አብዶውን ገና ያላየ አዲስ ተከላካይ!

ዛሂራን ያገኛት እህቱ ቤት ነው። የባቲ ልጅ ናት፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ትሠራለች፤ አርብ ስትለቀቅ ሙኒያ ዘንድ ትውላለች። ላግባሽ ሲላት አልተቅለሰለሰችም።

«ክረምት አንድ አገር፣ በጋ ሌላ አገር የሚውል ባል አልፈልግም። አንተ ኳስ ተጫዋች ነህ ወይስ የሎሪ ሾፌር?»

«ካርቱም እቀመጣለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ተጋቡና ተቀመጠ። የገባበት ክለብ አሰልጣኝ ግን የክንፍ ተጫዋች የማይወድ ሰው ነበርና ተከላካይ አደረገው። ኑርሁሴን ቃሉን ጠበቀ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። በዚያው ሰሞን ጂብሪል የሚባል የፖርት ሱዳን ክለብ ሰው ዴም ድረስ ፈልጎት መጣ። «የግራው መስመር ያንተ ነው» አለው። ኑርሁሴን አይሆንም ብሎ መለሰውና ለሙኒያ ብቻ ነገራት። «ዛሂራ እንዳትሰማ» ብሎ አደራ አላት። ሙኒያም በዚያው ቀን ነገረቻት።

«ፖርት ሱዳን ምን አለ?» አለችው ዛሂራ፣ ከተቀመጠበት ፊት ቆማ።

ደነገጠ። «ምንም። ሙቀት።»

«ሌላስ?»

«ባሕር አለ።»

«እዚህ አገር ከመጣሁ ያየሁት የአሠሪዬን ኩሽናና የእህትህን ቤት ነው። መሄድ የምጠላ መሰለህ? እኔ የምጠላው ትተኸኝ መሄድህን ነው። ሰውዬው የት አለ?»

«አውቶቡስ ጣቢያ። አሁን ሊሳፈር ነው።»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ?»

በነጠላ ጫማው ሮጠ። ሙኒያ እስከ ዛሬ «እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም፤ ያን ዕለት ያየው ቢኖር ብሔራዊ ቡድን ይገባ ነበር» ትላለች። ጂብሪልን አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ እንዳሳረፈ ደረሰበት።

ፖርት ሱዳን ላይ ዛሂራ ባሕር አየች፣ ዓሣ መጥበስ ለመደች፣ ከሜዳው ዳር ሻይ ከሚያፈሉት ሴቶች ጋር ተቀምጣም አራጋቢውን መሳደብ ቻለች። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆናቸው «ከዚህስ ወዴት?» የምትለው እሷ ሆነች።

ወደ ከሰላ ሄዱ። እዚያ አንድ ተከላካይ ከኋላ ገብቶ ጉልበቱን ሰበረው። ኑርሁሴን አበቃልኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሲያለቅስ እንዳታየው ነው። ዛሂራ አይታለች፤ ግን እንዳላየች ሆነች። ጉልበቱን በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች፤ ሲነጋም ክንዱን ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለው ተራራ ግርጌ ታራምደዋለች። ወደ ሜዳ ሲመለስ የድሮው ፍጥነት የለም። ስለዚህ ራሱን ከሚልክ ኳሷን መላክ ጀመረ፤ ከሩቅ ያሻማል፣ ሌላው ይሮጣል።

የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት በተፈረመበት ዓመት ካርቱም ተመልሰው ለአንድ የዴም ክለብ ፈረመ። ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል። ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለማደግ ማሸነፍ ግድ በሆነበት ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋለ፤ ያለ ጎል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አስገቡት። አንድ የማዕዘን ምት አገኙ። ኑርሁሴን ኳሷን አስቀመጠ፣ ጉልበቱን አንዴ ዳበሰ፣ መታት። ኳሷ ታጠፈችና በረኛውን አልፋ፣ ማንንም ሳትነካ ገባች። ማሻማቱ ነበር እንጂ ጎል አላሰበም። የቡድን ጓደኞቹ ሲከመሩበት ግን ለማስረዳት ጊዜ አላገኘም።

ክለቡ አደገ። በሳምንቱ ሙዲር የሚሉት የክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ ወልደሥላሴ የሚባል ሀበሻ፣ ጠራውና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ካፕቲን፣ ለላይኛው ዲቪዚዮን ወጣት ያስፈልገናል» አለው። ኑርሁሴን አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ቤቱ ሲገባ ታኬታውን አልጋ ስር ወረወረ።

ከዚያ በኋላ እሱና ዛሂራ ዴም ውስጥ የቁርስ ቤት ከፈቱ። ፉሉን እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያስተናግዳል፤ በሄደበት ሁሉ ያፈራው ሰው ካርቱም ሲመጣ እዚያ ይበላል። አንድ ጠዋት ወልደሥላሴ ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ኑርሁሴን ሳህኑን ሞልቶ አቀረበለት።

«ካፕቲን፣ ተቀይመኸኛል?»

«ተቀይሜ ነበር። ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝ።»

ወልደሥላሴ ጠርጎ በላ። በማግስቱ ቡድኑን በሙሉ ከልምምድ አስከትሎ መጣ፤ ዛሂራም ፉል አልቆባት ከጎረቤት ተበደረች።