ያልተደረሰው ለቅሶ

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያለ ሥራ መቀመጥ ከሙቀቱ ጋር ተፋጥጦ መዋል ነው። አንድ ቀን የቀበሌያችን ጸሐፊ በባጃጅ ሲያልፍ ደጃፍ ላይ አየኝና አስቆመው።

"አንተ፣ የዚህን ሰፈር ቤቶች ታውቃቸዋለህ አይደል?"

"አውቃቸዋለሁ።"

"በል ነገ ጠዋት ቢሮ ና። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ መንገድ መሪ ትፈልጋለች። ደግሞ እንደ ልማድህ እንዳትዘጋት፤ ከሰው ጋር አስተዋውቃት።"

ዝምታዬ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ድሮም ተናጋሪ አልነበርኩም፤ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ግን ባሰብኝ።

በማግስቱ ሳገኛት ተመራማሪዋ ወፍራም ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ ይዛለች። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት እንደነበር፣ ቁልቁለቱን ጨርሳ ስትወርድ ደግሞ ላብ እንዳጠመቃት ነገረችኝ። "በአንድ ጠዋት ሁለት አገር" አለችና ሳቀች። መምህር እያልኩ ጠራኋት። ጥናቷ ኮሮና በሰው ኑሮ ላይ ምን ጥሎ እንዳለፈ የሚጠይቅ ነው። ገበያው ሲዘጋ ምን በላችሁ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ምን ሆኑ፣ እርዳታ ደረሳችሁ ወይ፣ አሁንስ እንዴት ናችሁ። "መንግሥት ሌላ ጊዜ ለመዝጋት ሲገደድ፣ ምን መዝጋት እንደሌለበት እንዲያውቅ ነው" አለችኝ።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት አንድ ወረቀት አስፈረመችኝ።

"በየበሩ የምትሰማው እዚያው በር ላይ ይቀራል። ለጓደኛ የለም፤ ለእናትም የለም። ይሄን ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ።"

እኔን ዝም በል ማለት ምን ሥራ አለው ብዬ ሳላነብ ፈረምኩ።

ስለ ወንድሜ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ስጽፈው እጄ ይቆማል፤ ቢሆንም ልሞክር። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። ወደ ቆላው ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ቤት መጣ። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ሒሳብ ያስጠናኛል፤ ስሳሳት ያልበሰለ ማንጎ ይወረውርብኛል። ከዚያ ታመመ። የጤና ሰዎች መጥተው ወሰዱት። በስድስተኛው ቀን አረፈ። ለቀብሩ የተፈቀደው አራት ሰው ነበር። እኔ ከቤት ሾልኬ ወጥቼ ከመቃብሩ አጥር ማዶ ሆኜ አየሁ። እናቴ አልተፈቀደላትም፤ በራችን ላይ ሰው እንዳይገባ ገመድ ታስሮ ነበር።

ድንኳን አልተተከለም። የእድሩ ጥሩምባ አልተነፋም። እናቴ ሰው ቢመጣ ብላ ንፍሮ ቀቅላ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች። ንፍሮው ሻገተ። በአራተኛው ቀን አውጥታ ደፋችው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጋሼ ከእኔ ጋር እንኳ አላወራችም። ገመዱ ከተፈታም በኋላ ሰው ቤት መሄድ ተወች። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ሰዉ ሸሽቶ ተመለሰ፤ ሐዘን በሐዘን ላይ ተደራረበ። የእኛው እንዲሁ ቀረ። ከእኛ ሦስተኛ ቤት ያለችው በርበሬ ነጋዴ ድሮ የእናቴ ወዳጅ ነበረች። አሁን ገበያ ስትሄድ በእኛ በር አታልፍም፤ ረጅሙን መንገድ በወንዙ በኩል ትዞራለች። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች "አየሃት? የበሽታ ቤት ነና፣ ትሸሸናለች" ትላለች። እንዲህ አምስት ዓመት ሊሞላን ነው።

መምህሯ ከጥያቄዎቹ ጋር አንድ ሥዕል ይዛ ትዞራለች። አስር እርከን ያለው መሰላል ነው። የላይኛው እርከን በጣም ጥሩ ኑሮ፣ የታችኛው በጣም መጥፎ። ሰው የቆመበትን በጣቱ ያሳያል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ መሰላል ምን ላይ ነው የተደገፈው?"

"ሥዕል እኮ ነው አባባ።"

"ሥዕልም ቢሆን ሳይደገፍ አልወጣበትም። ጉልበቴን አታዪም?"

ሚስታቸው ከጓዳ ጮኸው "እንኳን መሰላል፣ ከመደቡም ሳይደገፍ አይነሳም!" አሉ።

ሳቅን። በመጨረሻ "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ብለው ጣታቸውን ዘጠነኛው እርከን ላይ አሳረፉ። ጥቂት ቀደም ብለው ግን በዚያ ጊዜ በሬያቸውን በርካሽ ሸጠው እስከ ዛሬ እንዳልተኩት፣ ማሾውንም በሰው በሬ እንደሚዘሩ ነግረውን ነበር።

ቀትር ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠን መምህሯ ታብሌቷን ገለጠች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አስር። ግንባሯን ያዘች።

"ይሄን ሳቀርብ እኔው ሞልቼ የመጣሁ ነው የሚመስላቸው። የአገርህ ሰው እውነት እንዲህ ደልቶታል?"

ቃል እስኪመጣልኝ ጊዜ ይወስድብኛል።

"እንዴት ነዎት ሲባሉ... ለእርስዎ አይደለም የሚመልሱት። ለፈጣሪ ነው። ፈጣሪን ደግሞ ማንም አያማርርም።"

"ታዲያ በምን ልጠይቅ?"

"ምን እንደቀረባቸው ይጠይቁ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነበራት። "በዚያ ጊዜ ሳያደርጉት የቀሩት፣ ዛሬም የሚቆጭዎ ነገር አለ?" ይላል። እስከዚያ ድረስ ግን ሰዉ ስለሚሰለቸው በጥድፊያ ነበር የምታልፈው። ከዚያ ከሰዓት ጀምሮ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ሰዉ እስኪናገር ዝም ብላ መጠበቅ ጀመረች።

ይህን በተናገርኩ በሁለተኛው ቀን በርበሬ ነጋዴዋ ቤት ደረስን። ጆንያ ላይ የተሰጣ በርበሬ እያገላበጠች ነበር። ሁሉንም ጥያቄ ፈጥና መለሰች። የመጨረሻው ሲመጣ እጇ ቆመ። እኔን አየችኝ።

"ይሄ ልጅ ባይኖር ይሻለኝ ነበር" አለች።

ልወጣ ተነሳሁ።

"ቁጭ በል። ይልቅ ስማው።" በርበሬ የነካ እጇን ከፊቷ አርቃ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። "የወንድሙን ለቅሶ አልደረስኩም። እበሩ ድረስ መጥቼ ገመዱን አይቼ ተመለስኩ። ፈራሁ፤ ልጆች አሉኝ። ገመዱ ሲፈታ ደግሞ በምን ዓይኔ ልያት? ይኸው በወንዙ በኩል እዞራለሁ። ባሌም ሲሞት እሷ አልመጣችም፤ ይገባኛል አልኩ። ከእኔ ነው የጀመረው።"

ከጆንያው የወደቀ በርበሬ አንስቼ መለስኩ።

"ደሞ ለእናትህ እንዳትነግራት፤ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ" አለችኝ።

ያ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሌላ ቤት ገባን፤ ያልተደረሰ ለቅሶ። ሌላም ቤት። የእኛን የሚጠሩ አሉ፤ የሌላውን የሚጠሩ አሉ። በዚያ ጊዜ ያጣውን ገንዘብ ያነሳው ጥቂት ነው። ጥያቄው ተጠይቆ ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ሲያይና ዓይኑን ሲሰብር፣ እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ የምታየውን ነገር ከማዶው በኩል አየሁት። እሷ ፈርተውኛል ትላለች፤ እነሱ አፍረዋታል። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ፈርሜአለሁ። ምሳ ስታቀርብልኝ "ምን ሆነሃል? ሥራው ከበደህ?" ትለኛለች። ሙቀቱ ነው እላታለሁ።

በስድስተኛው ቀን መምህሯ የቤቶቹን ዝርዝር እያየች ቆመች። "በዕጣ የእናንተም ቤት ወጥቷል። አንተ ደጅ ትጠብቃለህ።"

ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ላለመስማት ሞከርኩ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ሰማሁት።

"በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?"

"ሦስት" አለች እናቴ።

መምህሯ ቁጥሩን ደግማ ጠራችላት።

"ሁለት" አለች እናቴ። "ሁለት በይው።"

ተነስቼ ከግቢው ወጣሁ። መምህሯ ጨርሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። እናቴ ምን እንዳለች ልጠይቃት ፈልጌ አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። በዚያው በር ላይ ይቀራላ። ጎን ለጎን ሄድን። እኔ የጎረቤቶቹን ይዣለሁ፤ እሷ የእናቴን ይዛለች።

"አንድ ቃል ብነግራት..." አልኩ። "አንድ ብቻ።"

"አይሆንም። አምነው ነው የነገሩን።" ጥቂት ሄደች። "የሰማኸውን አትንገር። የራስህን እንዳትናገር ግን ማን ከለከለህ?"

ሐሳቡን አንድ ቀን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። በማግስቱ እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ። የጋሼን ለቅሶ... እሁድ እንቀመጥ?"

ቢላዋው ቆመ።

"ከአምስት ዓመት በኋላ? ሰው ይሳቅብን?"

"አልቅሼ አላውቅም፤ እኔ ማልቀስ እፈልጋለሁ" አልኳት። ይህ የራሴ ነበር።

ፊቴን አየችው። "ማን ይመጣል ብለህ ነው?"

"ይመጣሉ።"

"በምን አወቅህ?"

ዝም አልኩ። በዝምታዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥታኝ ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣችም። ሽንኩርቱን ጨርሳ ላጠች። "ድንኳኑን ጠይቃቸው እስቲ" አለች።

የእድሩ ዳኛ ሬዲዮ ፈተው እየጠገኑ አገኘኋቸው። በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር።

"የማን ለቅሶ ነው?"

"የወንድሜ።"

"ሌላ ወንድም ነበረህ እንዴ?"

"የለኝም። ያው ነው።"

ብሎን መፍቻውን አስቀመጡት። "ደንባችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አሉ። ልወጣ ስል ግን ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። "ያን ጊዜ ድንኳኑን የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነው ብዬ። እንካ። ጥሩምባውንም አስነፋለሁ።"

ቅዳሜ ሲነጋ ጥሩምባው ተነፋ። ሰዉ ደንግጦ ከየቤቱ ወጣ። "ማነው? ማን ሞተ?" ጥሩምባ ነፊው "ያኔ ያልተለቀሰለት የመምህሩ ለቅሶ ነገ ነው!" እያለ በየመንገዱ ዞረ። አንዱ ጎረምሳ "ጥሩምባ ነፊውን ሙቀቱ መታው" ሲል ሰማሁ። እናቴም ሳትሰማው አልቀረችም።

እሁድ ድንኳኑ ቆመ፤ አግዳሚው ተደረደረ። መምህሯ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳ ነበር። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ እንደዚያን ጊዜው ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዳኛው በቀር ማንም የለም። እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር "ነገርኩህ" አለች። ሰዎቹ ያሉትን አውቃለሁ፤ መናገርና መምጣት ግን አንድ አይደለም።

ከዚያ ከመንገዱ ላይ የብዙ እግር ድምፅ ተሰማ። በወንዙ በኩል አልነበረም፤ በእኛው መንገድ ነበር። መጀመሪያ የሚገባ ጠፍቶ ነው የቆዩት ለካ፤ በርበሬ ነጋዴዋ ቤት ተሰብስበው ነው የመጡት። እሷ በሳፋ ንፍሮ ተሸክማ ከፊት ትመራለች። ሽማግሌው ገበሬ የሚስታቸውን ትከሻ ይዘዋል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ዓይኔን አይተው "ተደግፌ መጣሁ" አሉኝ።

በርበሬ ነጋዴዋ ሳፋውን አወረደች። ለእኔና ለመምህሯ የነገረችውን በሰው ፊት ለእናቴ ነገረቻት፤ ገመዱን፣ ፍርሃቱን፣ የወንዙን መንገድ። ዛሬ እኔም የምጽፈው እሷ ራሷ ስለተናገረችው ነው። "አላህ ያጽናሽ። አምስት ዓመት ዘግይቼ ነው የምልሽ" አለቻት።

እናቴ ተነሳች። "የበሽታ ቤት ብላ ሸሸችኝ ብዬ ነበር እኮ!" አለች። ከዚያ ልጄ ብላ ጮኸች። ያን ጩኸት አምስት ዓመት ይዛው ነበር። ግቢው በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም ማንጎውን ይዤ አለቀስኩ። ንፍሮው እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ስለ ጋሼ ማውራት ጀመረ፤ አንዱ ተማሪው የነበረ በማንጎ ስንቴ እንደመታው ሲናገር እናቴ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ።

የመምህሯ ጥናት የት እንደደረሰ አላውቅም። ከሚያነቡት መካከል ሌላ ጊዜ ለመዝጋት የሚገደድ ሰው ካለ፣ የለቅሶ በር የሚከፈትበትን መላ አብሮ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። በጣቶቿ የምትቆጥረው ነገር አለ።

"የበርበሬ ነጋዴዋ ባል። የዳኛው እህት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ልጆች፤ በጦርነቱ ጊዜ።" አንዱ እጇ አልበቃ ብሎ ወደ ሌላው ተሻገረች። "ስንቱን ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ቤታቸውም ጠፍቶብኛል፤ ሁሉም አጥሩን ቀይሮታል።"

ጫማዬን አጠለቅሁ።

"አንተ መንገድ መሪ አይደለህ?" አለችኝ። "ምራኝ።"